ሊቆረጥ የነበረው ሥር

ባለቤቴ በሁዳዴ ስትከሳ አመሰገንኋት። ይህችን አጭር ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ልጆቼን ገበታ ዙሪያ አስቀምጬ፣ «እናታችሁን ተመልከቱ፤ ጾም ማለት እንዲህ ነው» እል ነበር። እሷ ዐይኗን ወደ መሬት ትጥላለች። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። ሕመም ኖሯል።

ያን ጊዜ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርሁ ካልተናገርሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። የተወለድሁት ዘጌ ነው፤ አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። ከፊደልና ከዳዊት በቀር ያስተማረኝ ሰው የለም። ባሕር ዳር መጥቼ በአንድ ፋብሪካ የጽዳት ሠራተኛ ሆንሁ። እንግሊዝኛውን በመዝገበ ቃላት፣ ሞተሩን ከመመሪያ መጽሐፉ፣ ቧንቧውን በእጄ ተማርሁት። ደርግ በመጣ በጥቂት ዓመት ውስጥ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ነበርሁ። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ክፉ በሽታ አለው፤ እሱ ያልደረሰበትን ነገር ሌላ ሰው ሲነግረው አይወድም። እኔም እንደዚያ ነበርሁ።

በዚያ ዘመን በየቢሮውና በየቀበሌው ግድግዳ ላይ መፈክር ይለጠፍ ነበር። የእኔም ቤት የራሱ መፈክር ነበረው። በቀይ ቀለም በእጄ ጽፌ ከመብል ጠረጴዛው በላይ የሰቀልሁት ሰሌዳ «በዚህ ቤት ማማረር ክልክል ነው» ይላል። ባለቤቴ ይታይሽ በዚያ ሰሌዳ ሥር አሥራ አንድ ዓመት በላች። አንድም ቀን አላማረረችም።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ሲፈሰክ ከዶሮው ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ወደ ጓሮ ወጣች። ትልቋ ልጃችን ሙሉ ተከትላት ሄደች። ሙሉ ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር፤ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ተመልሳ መጥታ በጆሮዬ፣

«አባባ፣ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ነው ያስመለሳት» አለችኝ።

«ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ የኖረ ሆድ ቅባት ሲገባበት ይደነግጣል።»

«አተላ እኮ ነው የምልዎት!»

«ሰምቻለሁ» አልኋት፤ ወደ ሰሌዳው በአገጬ እያሳየሁ።

ስለ ጤና አጠባበቅ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ነበረችኝ። ጨጓራ ነው ብዬ ወሰንሁ። ይታይሽን ይዤ ወንዛዬ ወረድሁ። ሁለት ሱባኤ ሙሉ ፍል ውሃው ውስጥ አስቀመጥኋት። በመጨረሻው ቀን ከውሃው ስትወጣ በክንዴ ደግፌ ሳነሣት ክብደቷ የልጅ ነበር። እጄ አውቆታል፤ አፌ ግን፣ «አየሽ፣ ቀለለሽ» አለ።

ከተመለስን በኋላ በአንዱ ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ ውዬ ቤት ስገባ ይታይሽ የለችም። ሙሉ ብቻዋን በሩ ላይ ቆማለች።

«እናትሽስ?»

«ሆስፒታል ተኝታለች። እኔ ነኝ የወሰድኋት።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«የዚህ ቤት አባወራ ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት። እናቴ ግን እየሞተች ነው።»

«ሐኪም ሆንሽ እንግዲህ?»

«እርስዎስ ሆኑ?»

እጄን አላነሣሁባትም። ከዚያ የባሰ አደረግሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ደጃፍ እንዳትረግጪ፤ ልጄ አይደለሽም» አልኋት። ልብሷን በነጠላ ቋጥራ አክስቷ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ለሦስት ሳምንት አላናገርኋትም። ሆስፒታል ስንገናኝ እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ።

ይታይሽን ነጭ ነገር አጠጥተው ራጅ አነሧት። ዶክተር ግርማ የሚባል ቀዶ ሐኪም ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ አሳየኝ። ከእኔ በብዙ ዓመት ያንሳል፤ እጁ ግን የሸመገለ ሰው እጅ ነበር።

«የጨጓራ ካንሰር ይመስለኛል» አለ። «ጨጓራዋን አብዛኛውን ማውጣት አለብኝ።»

«ጊዜው አልፎበታል?»

«አልፎበታል አልልዎትም፤ አላለፈበትም ብዬም አልዋሽዎትም። ከፍቼ ነው የማየው። ከሁለት ወር በፊት ቢያመጧት ደስ ይለኝ ነበር።»

ሁለት ወር ማለት ሁዳዴ ነው። እኔ በማመሰግናት ጊዜ ማለት ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሐሙስ ጠዋት ሆነ። በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፏት ከጎኗ ሄድሁ። ፊቷ ዐይን ብቻ ሆኗል። እጄን ያዘችና፣

«ሙሉን አናግራት» አለችኝ።

«የዚህ ሰዓት ነገር አይደለም።»

«ሌላ ሰዓት ካለኝ እሺ» አለች።

በሩ ተዘጋ። ሙሉ ከኮሪደሩ አንድ ጫፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ እኔ ከሌላው ጫፍ ተቀመጥሁ። በመካከላችን ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየን አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ በዐይኗ ፈለገችኝና ወደ እኔ ሮጠች።

«ጋሼ፣ መምጠጫው ቆመ! ሞተሩ ተቃጥሎ ነው መሰለኝ ይሸታል።»

ላስረዳችሁ። የሆስፒታሉ ዕቃ ሲበላሽ ፋብሪካው እኔን ያውስ ነበር። ሆድ ሲከፈት የሚፈሰውን ደም የሚስበውን ሞተር ሁለት ጊዜ ጠግኛዋለሁ። መጠባበቂያው በእግር የሚረገጥ አሮጌ መሣሪያ ነው፤ ውስጡ ያለው ቆዳ ስለሚደርቅ ዘይት ቀቡት፣ በወር አንድ ቀን እርገጡት ብያቸው ነበር። አልቀቡትም፣ አልረገጡትም። ያን ቆዳ አለስልሶ አየር እንዲይዝ ማድረግ የሚያውቅ በዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም።

እግሬን አጥበው፣ ካባ አልብሰው፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍነው አስገቡኝ። ዶክተር ግርማ ቀና ሳይል፣

«ማነው?» አለ።

«ጥገናው ነው» አለች ነርሷ። ቀጥላ ቀስ ብላ፣ «ባሏ ነው» አለች።

ከዶክተሩ ፊት ለፊት ሆና የምታግዘው ሲስተር ወርቅነሽ፣ «ይህማ አይሆንም» አለች።

«ሌላ ሰው አለን?» አለ ዶክተሩ። «ጋሼ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ይርገጡ። ከፔዳሉ ላይ ዐይንዎን አያንሡ። ምንም ቢሰሙ አይናገሩ። ቃል ይግቡልኝ።»

«ገብቻለሁ።»

ቆዳውን አውጥቼ በቫዝሊን አሸሁት፣ መልሼ ገጠምሁት፣ ረገጥሁ። ጠርሙሱ ውስጥ ቀይ ነገር መንጠባጠብ ጀመረ። የይታይሽ ደም ነው። እሷ ራስጌ ቁጭ ብሎ ማደንዘዣውን የሚቆጣጠረው አቶ ፈንቴ የቆየ ወዳጄ ነው።

«ዘይት ቀቡት ሲሉን ብንሰማዎት ኖሮ ዛሬ ከዚህ ሥራ ያርፉ ነበር» አለ።

መልስ ለመስጠት አፌን ልከፍት ስል ቃሌ ትዝ አለኝ። ረገጥሁ።

ስንት ጊዜ እንደረገጥሁ አላውቅም። ድንገት የዶክተሩ እጆች ድምፅ ቆመ። ብረት ከብረት ሲነካካ የነበረው ጸጥ አለ።

«ሲስተር፣ ጣትሽን እዚህ አድርጊ። ትርታ ይሰማሻል?»

«አዎ። ለጨጓራው የሚሄደው ሥር ነው፤ ልንቆርጠው ያሰብነው።»

«እሱስ እሱ ነው። ግን ተከተዪው። ወዴት ይሄዳል?»

«አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ላይ… ወደ ጉበት ነው የሚሄደው፣ ዶክተር።»

«ለጉበቷ ግራ ክፍል ደም የሚያደርሰው ሥር በቦታው የለም። ፈልጌ አጣሁት። ከጨጓራው ሥር ላይ ነው የበቀለው።»

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ አይደለም።»

«መጽሐፉ ላይ የተሣለው ሰው ሌላ ነው» አለ ዶክተሩ። «እኛ ያለችን እሷ ናት።»

እግሬ መርገጡን አላቆመም። ነገሩ ግን ገብቶኝ ነበር። በጥገና ክፍሉ የመጀመሪያ ዓመቴ፣ ንድፉ ላይ «አገልግሎት የማይሰጥ» የሚል የእንፋሎት ቧንቧ አገኘሁ። ንድፉን አምኜ ቆረጥሁት። ቧንቧው በኋላ በተሠራ ቅጥያ የማቅለሚያ ክፍሉን ይመግብ ኖሯል። አንድ ሠራተኛ ክንዱ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ለሠራተኞቼ ሁሉ አንድ ነገር ሳልነግራቸው የዋልሁበት ቀን የለም፦ ከመቁረጥህ በፊት ዝጋው፣ ዘግተህ ጠብቅ፣ ማን እንደሚጮህ ስማ።

«ለስላሳውን መቆንጠጫ ስጪኝ» አለ ዶክተሩ። «አልቆርጠውም፤ እይዘዋለሁ። አቶ ፈንቴ፣ ሰዓት ያዙልኝ።»

«ያዝሁ።»

«ሲስተር፣ የጉበቱን ቀለም ተመልከቺ።»

መቆንጠጫው ቀጭ ሲል ሰማሁት።

«አንድ ደቂቃ» አለ ፈንቴ።

«እንደነበረ ነው።»

«ሁለት።»

«ጫፉ ላይ ደብዘዝ ያለ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አትበዪኝ፤ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ሦስት።»

ያን ጊዜ ቃሌን አፈረስሁ። ቀና ብዬ አየሁ። ጉበቷ በቀኝ በኩል ጤነኛ፣ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። በግራ በኩል ግን፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ሐይቁ ከዘጌ ማዶ እንደሚጠቁረው፣ ጥቁረቱ ከዳር ተነሥቶ ወደ ውስጥ እየገፋ ነበር። ሰው በቁሙ ሲሞት ምን እንደሚመስል የእጅ መዳፍ በምታህል ስፍራ አየሁት።

«ጠቁሯል፣ ዶክተር» አለች ሲስተር።

«ፈታሁት።»

እግሬ ቆሞ ኖሯል። «ጋሼ! ይርገጡ!» አለኝ፤ አልተቆጣም፣ ግን ጮኸ። ረገጥሁ። ጥቁሩ ቀስ እያለ ሲሸሽ፣ ቀለሙ ሲመለስ አየሁ። ከዚያ በኋላ ዐይኔን ወደ ፔዳሉ መለስሁ።

ዶክተሩ በኋላ እንዳስረዳኝ ሁለት መንገድ ነበር። ሥሩን ከግንዱ ቢቆርጠው ካንሰሩ የሚደበቅባቸውን በዙሪያው ያሉትን ዕጢዎች ሁሉ ጠርጎ ያወጣል፤ ግማሽ ጉበቷ ግን እዚያው ይሞታል። ወይም ሥሩን አስቀርቶ ዕጢዎቹን ከላዩ አንድ በአንድ መላጥ፣ ወደ ጨጓራ የሚሄደውን ቅርንጫፍ ብቻ መቁረጥ ነው። ይህ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፣ ደም ይፈስሳል፣ የካንሰሩ ፍሬ ሁሉ ለመውጣቱም ማረጋገጫ የለውም።

«ግፊቷ ዝቅ ብሏል» አለ ፈንቴ። «ሁለተኛውን ጠርሙስ ደም ጀምሬያለሁ። ሦስተኛ የለንም። የሚያጥረውን መንገድ ቢይዙ…»

«አጭሩ መንገድ ጉበቷን ይገድላል። እልጠዋለሁ» አለ ዶክተሩ።

መላጥ ጀመረ። የሚያልፈው ጊዜ በጭኔ ይታወቀኝ ነበር። መጀመሪያ ጡንቻው ተቃጠለ፣ ከዚያ ደነዘዘ፣ ከዚያ የእኔ አልነበረም። በመካከሉ ሲስተር ወርቅነሽ «ተቀደደ!» ስትል ሰማሁና ጠርሙሱ በአንድ ጊዜ ሲሞላ አየሁ። «መምጠጫ! መምጠጫ! አይታየኝም!» ይላል ዶክተሩ። በሁለት እግሬ እየተቀያየርሁ እንደ እብድ ረገጥሁ። በውስጤ የምጸልየው ጸሎት ጠፋብኝ፤ በልጅነቴ የደገምሁት ዳዊት ሁሉ ከራሴ ወጣ። «እባክህ፣ እባክህ» ብቻ እያልሁ ረገጥሁ። ዶክተሩ ቀዳዳውን በጣቱ ያዘ፣ ከዚያ ሰፋው።

«ደም ያስፈልጋታል፤ አሁኑኑ» አለ ፈንቴ።

ነርሷ ሮጣ ወጣች፣ ሮጣ ተመለሰች። «ልጅቱ እሰጣለሁ ትላለች። ግን ትናንትም ሰጥታለች፤ አሁን የሚሄደው ጠርሙስ የእሷው ነው። ዛሬ ከደገመች ራሷን ልትጎዳ ትችላለች ብላት አልሰማ አለችኝ።»

የእኔ ደም ከይታይሽ ደም አልገጠመም ነበር። የመጀመሪያውን ጠርሙስ የሰጠው አብሮኝ የሚሠራ ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ሁለተኛውን ማን እንደሰጠ አልጠየቅሁም ነበር። ደጃፌን እንዳትረግጪ ያልኋት ልጅ ደም በእናቷ ክንድ እየገባ ነበር። ሳልዘጋ፣ ሳልጠብቅ፣ ማን እንደሚጮህ ሳልሰማ የቆረጥሁት ሥር ይህ ነበር።

ዶክተር ግርማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ናት። ግማሽ ጠርሙስ ብቻ እንወስዳለን፤ አደጋ የለውም ግን አልልም። ምን ይላሉ?»

ይሁን ብል ልጄን፣ አይሁን ብል ሚስቴን። ለሁሉ ነገር ደንብ የነበረኝ ሰው አንድም ደንብ አጣሁ።

«እኔን አይጠይቁኝ» አልሁ። «እሷን ጠይቋት። እሷ ያለችው ይሁን።»

ሙሉ ምን እንዳለች ነርሷ ስትመለስ በእጇ የያዘችው ጠርሙስ ነገረን።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ሆዷ ተሰፋ። ዶክተር ግርማ ጓንቱን አውልቆ ግድግዳው ሥር አጠገቤ ተቀመጠ። ሁለታችንም ለመቆም አቅም አልነበረንም።

«ሥሩ ተርፏል፤ ጉበቷ ደህና ነው» አለኝ። «ከሥሩ ላይ የላጥሁት ዕጢ ሁሉ ወጥቷል ብዬ ግን አልምልልዎትም።»

«ቢቆርጡት ኖሮስ?»

«ስለ ካንሰሩ የተሻለ እርግጠኛ እሆን ነበር። እሷ ግን ይህን ሳምንት አታልፍም ነበር።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ቀና እንዳሉ አይቻለሁ። ቃል አፍራሽ ነዎት።»

«ነኝ» አልሁ።

እየተጎተትሁ ወጣሁ። ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ክንዷ ላይ ጥጥ ይዛ ተጋድማለች። ከንፈሯ ነጭ ነው። ስታየኝ ልትነሣ ሞከረች።

«እማዬስ?»

«አለች።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። እስክትጨርስ ቆምሁ። ከዚያ ዞር ብላ፣ «እግርዎ ምን ሆነ?» አለችኝ።

በአገራችን አባት ልጁን ይቅርታ አይጠይቅም። እኔም እንዴት እንደሚጠየቅ አላውቅም ነበር። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ «አጥፍቻለሁ፤ ሁለታችሁንም ልገድል ነበር» አልኋት። ሌላ የምለው ጠፋኝ። «አሁን ምን ያምሻል?» አልኋት። በሃያ አንድ ዓመቷ ይህን ጥያቄ ከእኔ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ራበኝ እኮ፣ አባባ» አለች።

በዚያ እግር ሮጬ ዳቦና ወተት አመጣሁ።

አንባቢዎቼ፣ ይታይሽ ድና ለዘላለም ኖረች ብዬ አላታልላችሁም። ሦስት ፋሲካ አየች። ካንሰሩ ተመልሶ መጣ፤ ሁለት ወር ቀድሜ ባመጣት ምን ይሆን እንደነበር ማንም አይነግረኝም፤ እኔም ማንም እንዲያጽናናኝ አልፈልግም። በቤታችሁ ዝም የሚል ሰው ካለ ዝምታውን ጽድቅ ነው ብላችሁ አትተርጉሙት። ጠይቁ፤ ጠይቃችሁም መልሱ እስኪመጣ ጠብቁ። እናንተ ከባድ ሰዎች ከሆናችሁ መልሱ ቶሎ አይመጣም። ሰውን ከሕይወታችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት ደግሞ በእሱ በኩል ሕይወት የሚያገኝ ማን እንደሆነ እዩ። እኔ ይህን ለቧንቧ ሃያ ዓመት አውቀው ነበር።

የተረፈላት ጨጓራ ትንሽ ስለነበረ በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መብላት ነበረባት፤ በሁዳዴም ጭምር። ንስሐ አባታችን ፈቀዱላት። የሥጋውን ሾርባ ሌላ ሰው እንዲሠራላት አልፈቀድሁም። በእጄ እሠራለሁ፤ ጾመኛ ነኝና አልቀምስም፤ በግምት ጨው አደርግና አቀርብላታለሁ።

በመጀመሪያው ሁዳዴ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ማንኪያውን አፏ አደረገች። ፊቷን ጭምድድ አድርጋ ወደ ሰሌዳው አየች፤ ቀጥላ ወደ እኔ። ሙሉ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ምነው?» አልኋት።

«ምንም።»

ተነሣሁ። ሰሌዳውን ከሚስማሩ አውርጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጌ መሬት ላይ አቆምሁትና ተመልሼ ተቀመጥሁ።

«ምነው?»

ይታይሽ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ጨው በዝቷል!» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሐይቁን በሙሉ ጨው አድርገህ ነው የቀዳህልኝ? አፌ ተቃጠለ! ይህንንም ምግብ ብለህ!»

ሙሉ ሳቋን መያዝ አቃታት። ይታይሽ አላቆመችም። ስለ ጨው ጀምራ ስለ ወንዛዬው ሙቀት፣ ስለ ጠባቡ አልጋ፣ ስለ ኩርፊያዬ፣ የሃያ ሁለት ዓመቱን ሁሉ አወረደችው። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቀምጬ አዳመጥኋት። ስትጨርስ ሳህኑን አንሥቼ ውሃ ልጨምርበት ወደ ማድቤት ገባሁ፤ እሷ ከኋላዬ፣

«ደሞ ብዙ ውሃ እንዳታደርግበት!» አለች።